ትርፍ

በወር አንድ ማክሰኞ፣ ባሕሩ ሲፈቅድ፣
ጀልባችን መድኃኒት ጭኖ ወደ ደሴት ሲወርድ፣
ኤዱቪና ትቆም ነበር ደብተሯን አቅፋ፣
ተራዋን ለሰው ሰጥታ፣ ከኋላ ተሰልፋ።
የዛጎል አርቢዎች ሒሳብ ያዥ ናት እሷ፤
አንድ ሳንቲም ከጎደለ ይዞራል ራሷ።

«እምብርቴ ዙሪያ» አለችኝ፣ «አልፎ አልፎ ይቆርጠኛል፣
ኋላ እሱው ራሱ ይቅርታ ይለኛል።»
ነርስ ነኝ፤ ሃያ ዓመት በዚህ ውሃ ላይ ኖሬያለሁ፤
የሆድ ቁርጠት ስሰማ መልሱን አውቀዋለሁ።
የጨጓራ ኪኒን ቆጥሬ ሰጠኋት፣
«ቃሪያ ቀንሺ» ብዬ እየሳቅሁ ሸኘኋት።

በሁለተኛው ወር ያው ሕመም፣ ያው ኪኒን።
በሦስተኛው ቀረች። ማን ይጠይቅ ማንን?
በአራተኛው መጣች፣ ፊቷ ገርጥቶ፣
ቀሚሷ በመርፌ ቁልፍ ወገቧ ላይ ጠብቶ።
«ምግብስ?» ስላት፣ «እንጃ፤ ድንቹ አስጠላኝ» አለች።
ድንች የሚያስጠላት ሴት በቺሎዌ የለች!

አንድ ነገር ሸነቆጠኝ። ግን ወረፋው ረዝሞ፣
ክትባት የፈራ ሕፃን በሩ ላይ ተጋድሞ፣
ሮሳሜል፣ ዘዋሪው፣ ሰማይ እያየ ቆሞ፣
«ነፋሱ ተነሣ፣ እንሂድ» ይላል ደጋግሞ።
ኪኒኑን ዘረጋሁ፣ እንደ ወትሮዬ ሁሉ፤
ልትቀበል ስትል ደብተሯ ወደቀ፣ ተበተነ ቅጠሉ።

በግራ ወጪው ነው፣ በቀኝ ገቢው ነው፤
ከኅዳጉ ያለው ቀይ ነጥብ ግን ምንድን ነው?
አፈረች። «ያመመኝ ቀን ነው፤ ልማድ ሆኖብኝ፣
ያልጻፍኩት ነገር ሁሉ የሌለ እየመሰለኝ።»

መጋቢት ላይ ሁለት። ሚያዝያ ላይ አምስት።
ከዚያ ንጹሕ ገጽ፣ ሙሉ ሦስት ሳምንት፤
ከዚያ እንደገና፣ ቀይ በቀይ ላይ።
ካንዳንዱ ጎን ደግሞ ቃል አለ፣ ደቃቅ፣ ተጠግቶ ሲታይ፦
«ስስል»። «ከመሰላል ስወርድ»።
«ሌሊት ትንሽ ትኩሳት፣ ቀጥሎም ብርድ»።
«ማቅለሽለሽ፣ ግን አልወጣም»።
«ቀኝ»።
«ቀኝ»።
«ጀልባው ሲነጥር፣ ቀኝ፤ ለማንም አላወራም»።

ከእምብርት ተነሥቶ፣ ቁልቁል ተጉዞ፣
ከቀኝ ዳሌዋ በላይ ጎጆ ቀልሶ፣ ቦታ ይዞ፤
እሷ ስትጽፈው፣ እኔ «የት ነው?» ብዬ
የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ይዤ ሄድኩ በጆሮዬ።

አጋደምኳት። ከዳሌ አጥንቷ ወደ እምብርቷ ለካሁ፣
ከመንገዱ ሲሶው ላይ ቀስ አድርጌ ተጫንኳት፣ ጠበቅሁ።
ቻለችው።
ድንገት እጄን ሳነሣ ነው የጮኸችው።
ሲይዙት ዝም ብሎ፣ ሲለቁት የሚያም፤
እንዲህ ያለ ነገር በሰውም አይታጣም።

«እርግጥ አልልሽም፤ ኩላሊትም እንዲህ ያደርጋል፤
ሐኪም ይየው፣ አንኩድ መሣሪያም ይኖራል።
ግን ትርፍ አንጀት ይመስለኛል፣ የሰነበተ፣
እያበጠ እየረገበ ስንቱን ወር ያሳተ።»
እሷ ግን፣ ላብ በግንባሯ፣ ሣቀችና፦
«ዓመቱን ስንከስር፣ ትርፍ ከየት ተገኘና?»

ሮሳሜል አልተከራከረም፤ መሪውን አዞረ።
በየማዕበሉ ምት ጥርሷ ተንገጫገጨ፣
እርሳሷ ግን ነጥብ ጨመረ።
ቀዳጁ ኋላ እንዳለኝ፣ ወፍሮ፣ ተጣብቆ፣
ጠባሳ በጠባሳ፣ ሳይፈነዳ ጠብቆ።

አሁን «የት ነው?» ስል ሁለቴ ነው የምጠይቀው፤
በመጀመሪያው መልስና በሁለተኛው መካከል
በጣሪያው ላይ ዝናቡን ነው የማዳምጠው።

በነሐሴ ማክሰኞ ደብተሯን ከፍታ አሳየችኝ።
ኅዳጉ ነጭ ነው። ጣቷ ወደ አንድ መሥመር መራኝ፦
«ትርፍ፦ አንድ።
ወጪ ሆኗል።»